አረንጓዴው መጽሐፍና አሥራ አንዱ ስህተት

አራሚውን የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው በደረት ኪሱ በሚሰካት ቀይ እስክሪብቶ ነው። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ እስክሪብቶዋ ግን ጡረታ አልወጣችም። የሱቅ ማስታወቂያ ቢያገኝ ያርማል፣ የውኃ ቢል ቢያገኝ ያርማል፤ አንዴማ ወንድሙ የጻፈለትን የይቅርታ ደብዳቤ አርሞ መልሶ ልኮለት እንደገና ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ሲመልስ የስህተቶቹን ዝርዝር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ውስጡ ይከታል እንጂ መጽሐፉን አይነካውም። በተጠረዘ መጽሐፍ ላይ ቀለም ማሳረፍ በእሱ ቤት ነውር ነው። ይህን ሕግ በዕድሜው አንድም ቀን አፍርሶት አያውቅም ነበር።

ሰው ቢስቅበትም አይከፋውም፤ የራሱ ሚዛን አለው። ፊደሉን ያልጠበቀ ሰው ነገሩንም አይጠብቅም ይላል። ጋዜጣ ገዝቶ የፊት ገጹ ላይ ሦስት ግድፈት ካገኘ ወሬውን አያምንም፤ ዝናብ ጣለ ቢል እንኳ በመስኮት አይቶ ነው። ንጹሕ ሆኖ የታተመ ነገር እጁ ከገባ ደግሞ አለቀ፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም። ይህ ሚዛን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳይጎዳ ኖረ። ጉዱ የመጣው የሚስቱ ዓይን የታመመ ጊዜ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተተክሏል፤ አራሚው ጋዜጣውን የሚያነበው ከመኪናው ማዶ ባለችው ወንበር ላይ ነው። ሁለቱ በዚያ መስኮት ሲነታረኩ መዋል የለመዱት ነገር ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እሷ የመጨረሻውን ቃል ተናግራ ስታበቃ ነው። ያን ሰሞን ግን አንድ ነገር ልብ አለ። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ደማቅ ሲሆን አሥር መርፌ ላይ ክር ታስገባና የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ትደረድራቸዋለች። አመል ነው ብሎ አለፈው። ለካ ከሰዓት በኋላ የመርፌው ቀዳዳ አይታያትም። ይህን ስድስት ወር ሙሉ ደብቃው ኖራለች።

የተጋለጠችው በአንድ ካፖርት ነው። የግራውን እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰፍታ ለባለቤቱ ሰጠችው። ሰውዬው ለብሶት መስተዋት ፊት ሲቆም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ስትተረትር አራሚው አጠገቧ ቁጭ ብሎ አያት። በማግሥቱ እጇን ይዞ ሆስፒታል ወሰዳት።

ሐኪሙ መርምሮ ሞራ ነው አለ። በሁለቱም ዓይኗ ላይ ወጥቷል፤ ቀኙ ብሷል፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ነርሷ መጀመሪያ ለቀኙ ዓይን ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዘችላትና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ አንብባችሁ እስከ ዓርብ ቀትር እመጣለሁ ብላችሁ ደውሉ፣ ካልደወላችሁ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል፣ እንደገና የሚደርሳችሁ ከስምንት ወር በኋላ ነው አለች። ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረቻቸው።

አራሚው ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋ፤ እስክሪብቶዋን መዘዘ። እዚያው በተቀመጠበት አሥራ አንድ ስህተት ለቀመ። አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ሌላው ግማሽ ቀርቷል፣ ከታች ያለው ስልክ ቁጥር ሳይቀር ክፍተቱ ተዛብቷል። ወረቀቱ በቀይ ተሞላ፤ የአራሚው ቆሽት አረረ። አውቶቡስ ውስጥ ሚስቱን «ፊደል መጠበቅ ያቃተው ሰው ዓይን ሊጠብቅ ነው?» አላት። ቤት እንደገቡ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አረንጓዴውን አወረደ።

አረንጓዴው ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ነው። ርዕስ አለው፤ በዚያ ቤት ግን ማንም በርዕሱ ጠርቶት አያውቅም። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤቱ ሲያሳትመው አራሚው ገና ወጣት ነበር። ያኔ እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ይዞ ፊደል በፊደል ይከተላል። አንባቢው ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር በቃሉ ይጠራል፤ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ እያለ። አራሚው ዓረፍተ ነገሩ ልክ ሆኖ ሲያገኘው «ቀጥል» ይላል። ለአረንጓዴው አንባቢ ጠፍቶ ለሦስት ወር ተብላ የተቀጠረች አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ መጣች።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ስታነብ፣ እሱ «ቀጥዪ» ሲል፣ ከራስ ምታት ተነሥተው ወደ ታች ወረዱ። ጉበት ላይ ሲደርሱ ልቡ ሄዶ ነበር፤ ኩላሊት ላይ እንቅልፍ አጣ። እግር ላይ ሲደርሱ መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻውን አራት ነጥብ ጠራችና ወረቀቱን አጠፈች። የቀረ ነገር አልነበረም። እሱ ግን «ቀጥዪ» አላት። ቀና ብላ አየችው። የጋብቻ ጥያቄው ይኸው ነበር፤ እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልተጨመረበትም። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስህተት አልተገኘበትም፤ አራሚውም ቤቱ የመጣ እንግዳ ይህን ሳይሰማ እንዲወጣ ፈቅዶ አያውቅም።

እንግዲህ አረንጓዴውን ገልጦ የዓይንን ምዕራፍ አወጣ። ሞራ እስኪበስል ይጠበቃል ይላል፤ ሳይበስል አይነካም። አራሚው እፎይ አለ። እንደዚህማ ከሆነ ስምንት ወር ቢጠበቅ ምን አለ፤ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ አረንጓዴው ልክ ነው። ለሚስቱ ይህንኑ ነገራት። ሠላሳ አራት ዓመት የመጨረሻውን ቃል ለማንም ያላስረከበች ሴት ዝም አለች፤ እሱ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ወይ አለማወቅ።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ቀዳችለት። ሻዩ ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው። ስኒው ባዶ ነበር። አራሚው ድምፅ ሳያሰማ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገ፣ ስኒውንም አንስቶ እንደሚጠጣ ሰው አፉ ላይ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ስምንት ወር ስንት ቀን እንደሆነ ማሰብ የጀመረው። አረንጓዴውንና ወረቀቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ።

ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው ሴት ከአራሚው ጋር የቆየ ነገር አላት። እሱ በየመጽሐፉ የሚከታቸውን ብጣሽ ወረቀቶች አንድም ሳትጥል በካርቶን ታጠራቅማለች፤ እሱ ግን ትጥላቸዋለች ብሎ ቂም ይዞባታል። የዚያን ቀን ግን ቂም የሚያስታውስበት ሆድ አልነበረውም። ጉዳዩን አስረዳትና እንደ አረንጓዴው የሚል፣ እንደ አረንጓዴውም ንጹሕ የሆነ ሌላ መጽሐፍ ፈልጊልኝ አላት።

ሴትየዋ ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። ይልቅ መነጽሯን አውልቃ፣ ጋሼ፣ እንደሚስማማዎ የሚናገር መጽሐፍ ከሆነ የፈለጉት ፈልጌ አላጣም፤ ማወቅ የፈለጉት ግን ምንድን ነው አለችው። መጠበቅ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ነው አላት። እሷም አረንጓዴውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ መግቢያውን እንዲያነብላት ጠየቀችው።

አራሚው ተቆጣ። ይህን መጽሐፍ እሱ ራሱ እንዳረመው፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ተከትሎ እንዳለፈ፣ መግቢያውንም ጭምር እንደሚያውቀው ነገራት። ሴትየዋ ሰምታ ስታበቃ በለሰለሰ ድምፅ መለሰችለት።

«ማረሙንስ አርመውታል ጋሼ። አንብበውታል ወይ?»

አራሚው መግቢያውን አወጣ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ወዲያው አወቃት፤ እሱ ራሱ ነው ያስገባት፤ ያን ቀን ምን ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ከነጠላ ሰረዟ በፊትና በኋላ ያለውን ነገር ግን ገና ዛሬ ሰማው። መጽሐፉ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከታተመ ሌላ መጽሐፍ የተሰናዳ ነው ይላል። የተጻፈውም ሐኪም ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅበት ቦታ ለሚሠሩ ጤና ረዳቶች ነው ይላል። አራሚው በልቡ ደመረ፤ ሃያ ሁለትና ሠላሳ አራት። የእነሱ ሆስፒታል ደግሞ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ ነው።

ሴትየዋ ቀዩን ወረቀት አነሳች። ቀለሙ ሥር ያለውን ለማየት ወደ መብራቱ ማስጠጋት ነበረባት። ጀርባው ላይ የዘንድሮ ዓመትና ወር ተጽፏል፤ ያዘጋጀው ሚስቱን የመረመረው የዓይን ክፍል ነው፤ ርዕሱም «ለታካሚና ለቤተሰብ» ይላል። አራሚው እንግዲያው ይኼኛው ልክ ነው ማለትሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ልክ ይሁን አይሁን እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። አሥራ አንድ ስህተት የተወ ሰው አሥራ ሁለተኛም ሊኖረው ይችላል። ግን ይኸው፣ ጥያቄ ካለዎ ይደውሉ ብሎ ስልክ አስቀምጧል። አረንጓዴውን ማን ጋ ደውለው ይጠይቁታል?»

አራሚው ስልክ ቁጥሩን አየ። ክፍተቱን አስተካክሎታል። ይደውሉ የተባለው እሱ መሆኑን ግን ልብ አላለም ነበር።

ሴትየዋ አንድ ባዶ ወረቀት አቀበለችው። ባለቤትዎ ማወቅ የሚፈልጉትን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ፣ ከዚያ ሁለቱን እናያቸዋለን፤ የትኛው እንደሚመልስላቸው ያኔ ይለያል አለችው። አራሚው ቀይዋን እስክሪብቶ መዘዘና ወደ ወረቀቱ አስጠጋት። እዚያው ቀረች። ሚስቱ ምን ማወቅ እንደምትፈልግ አያውቅም። አልጠየቃትም። ወረቀቱን ባዶውን አጥፎ ኪሱ ከተተና አመስግኖ ወጣ፤ ሲወጣ ካርቶኑን አሳየችው፣ ብጣሾቹ ሁሉ በዓመት በዓመት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጣት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ባዶ እጇን ተቀምጣለች። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ሆነ፤ እንደ ማተሚያ ቤቱ ጊዜ። ስለ ዓይንሽ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው አላት። ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ አለችው። አይ ንገሪኝ አላት፤ ብዙ ለመነ። በመጨረሻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተናገረች።

«ስንት ቀን ነው እንደ ሬሳ የምታስተኙኝ?»

አልገባውም። እሷ ቀጠለች። ጭንቅላቷን በሁለት የአሸዋ ከረጢት መሃል አድርገው፣ ሳትገላበጥ፣ ሳታስነጥስ፣ ሳትስቅ አሥር ቀን በጀርባዋ እንደሚያስተኟት፣ ትንሽ ከተነቃነቀች ዓይኗ እንደሚፈስ ነገረችው። ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ አላት።

«አረንጓዴው ነዋ! ማን ያነበበልህ መሰለህ? አንተ ፊደል ስትለቅም እኔ የሚለውን እሰማ ነበር። ገጹን ሁሉ አስታውሰዋለሁ። የመርፌው ቀዳዳ የጠፋብኝ ቀን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።»

ለካ ስድስት ወር የደበቀችው በዚህ ነው። አራሚው ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አላት።

«ምን ብዬ? አንድ ስህተት የለበትም ስትል ሠላሳ አራት ዓመት ሰማሁህ እኮ። አንተ ያረምከውን እኔ ምን ብዬ እጠራጠራለሁ?»

አራሚው አረንጓዴውን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቁጭ አለ። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቶ ያመጣው ሽልማት የለም፣ ሜዳሊያ የለም፤ ያለው ይህ መጽሐፍ ነው። ሚስቱንም ያመጣለት ይኸው ነው። በእሱ ላይ መመስከር በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ መመስከር ሆነበት። ደግሞ እሷን አያት፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው፣ ግን ትንሽ ወደ ጎን፣ ፊቱ ካለበት ፈንጠር ብሎ።

«ስህተት አለበት» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። የቱ ጋ ነው አለችው።

«ፊደሉ ላይ አይደለም። አርጅቷል። እኛ ስናነበውም አርጅቶ ነበር፤ መግቢያው ላይ ራሱ ተናግሯል፣ እኔ አልሰማሁትም። የተጻፈውም ላንቺ አይደለም።»

እሷም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሆነህ እንዴት ለቀቅህ አለችው። ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። እሱም የመጨረሻው ቃል ወደ ባለቤቱ ስለተመለሰ ደስ አለው።

ከዚያ ወረቀቱን ያነብላት ጀመር፤ ዘንድሮ አንባቢው እሱ ነው። እንደ ማተሚያ ቤቱ ልማድ «ዕለቱን ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ፣ ነጠላ ሰረዝ» ሲል አስቆመችው፤ ሰረዙን ተውና የሚለውን ንገረኝ አለችው። ነገራት። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ነቅቶ ነው የሚሠራለት፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም በጣም የቆየ ሞራ ለማውጣት ያስቸግራል። የአሸዋ ከረጢት የሚል ነገር የለም። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስነበበችው። የእሷን ጥያቄዎች በባዶው ወረቀት ላይ ጻፋቸው፤ አራት ሆኑ። ሦስቱን ወረቀቱ መለሰ። አራተኛውን አልመለሰም፤ ጎንበስ ብዬ መስፋት የምችለው መቼ ነው የሚለውን።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። ያነሳችው ያችው ነርስ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ጠየቃት፤ የአሸዋውን ከረጢት ሳይቀር። እሱ ድሮ ቀረ አለችው፤ ስለ ስፌቱ ደግሞ ሐኪሙን ጠይቃ መጥታ፣ መጀመሪያ ጥቂት ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ ሐኪሙ አይቶ ሲፈቅድ ነው አለች። እንግዲያው እንመጣለን አላት፤ ገና ቀትር አልሆነም ነበር። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን አመሉ አላስችል አለውና ስለ አሥራ አንዱ ስህተት ነገራት። ነርሷ ሳቀች። በጥድፊያ የታተመ ነው፣ ማክሰኞ ሲመጡ ይዘውልን ይምጡ አለችው።

ማክሰኞ ሄዱ። ሚስቱ ስትገባ እጁን ይዛው ነበር፤ በሩ ላይ አስለቀቋት። አራሚው ኮሪደሩ ላይ ያችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንድም ፊደል አላረመም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኗ በመከለያ ተሸፍኖ በእግሯ ወጣች። መሳቅ ትችያለሽ አላት ቀስ ብሎ፤ ዓይንሽ አይፈስም። በማግሥቱ ሽፋኑ ሲነሳ ነርሷን አየች፣ ሐኪሙን አየች፤ እሱን ግን ከላይ እስከ ታች ከመረመረች በኋላ የሸሚዝህ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ክር ነው የተሰፋው፣ ማን ነው የሰፋው አለችው። አንቺው ነሽ አላት።

ሁለት ወር አለፈ። ግራ ዓይኗም በተራው ታከመ፤ አዲስ መነጽርም ተገዛላት። አንድ ከሰዓት በኋላ አራሚው ወንበሩ ላይ ጋዜጣውን ይዞ ሲያንጎላጅ እሷ መደርደሪያውን ልታራግፍ ተነሣች። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ አቧራውን ጠረገችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ቆመች። ገጹ ላይ ቀይ ቀለም አለ። የእሱ ጽሕፈት ነው፤ በተጠረዘ መጽሐፍ ላይ፣ ያውም በአረንጓዴው ላይ።

መጽሐፉን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ በዚያች በማተሚያ ቤት ድምፅዋ፣ እያንዳንዱን እየጠራች አነበበች።

«ፊደሉ ንጹሕ ነው፣ ድርብ ሰረዝ፣ ለባለቤቴ ዓይን ግን አይሆንም፣ አራት ነጥብ። ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ያነበበችው እሷ ናት፣ አራት ነጥብ።»

አራሚው ነቅቶ ነበር፤ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ያያታል። ከዚያ በታች የተጻፈ ነገር አልነበረም።

«ቀጥዪ» አላት።